ዳታቤዝን የሚያዘገየው ምንድን ነው? ስለ ማፍጠኛ ሃርድዌር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዳታቤዝ ማፍጠኛ ሃርድዌር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ደጋግሜ አነበብኩት። በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ከልብ እንደሚወዱትም ያስታውቃል።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ተራው ፕሮሰሰር ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ ከእንግዲህ አይፈጥንም። ስለዚህ ዳታቤዞች ሁሉ ወደ ጂፒዩ (መጀመሪያ ለግራፊክስ ወደተሠራው ቺፕ)፣ ወደ ኤፍፒጂኤ (ውስጡ እንደ ሥራው ወደሚቀየረው ቺፕ) እና ለዳታቤዝ ብቻ ወደተሠሩ ቺፖች መዞራቸው አይቀርም። እነዚህ መሣሪያዎች ሥራውን 100 እጥፍ ያፈጥኑታል። ድሮ ተሞክረው የከሸፉት ቴክኖሎጂው ስላልበሰለ ነው። ዛሬ ግን ካርዱን ሰርቨሩ ላይ መሰካት ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩን መንካት አያስፈልግም። ትራንዛክሽኖችም (እንደ ክፍያና ትዕዛዝ ያሉ ትናንሽ ምዝገባዎች) አብረው ይፈጥናሉ። ኤሌክትሪክም ይቆጠባል።

የምስማማበት አለ፤ የማልስማማበት ይበዛል። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ጽሑፉ ዋናውን ጥያቄ ሳያነሳ ማለፉ ነው። መረጃው የት ነው የተቀመጠው? ቺፑ ጋ ለመድረስስ በየት በኩል ያልፋል? የዳታቤዝ ሥራ በአብዛኛው ከባድ ስሌት የለበትም። ማንሳት፣ ማጓጓዝ፣ አይቶ የማያስፈልገውን መጣል ነው። ይህን ያልቆጠረ የፍጥነት ወሬ ውሃ አይቋጥርም። ነጥቦቹን በየተራ ልመልስ።

ፕሮሰሰሩ ጣሪያ ላይ ደርሷል ስለመባሉ

ግማሹ እውነት ነው። ከ2005 አካባቢ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፕሮሰሰር ክሎክ፣ ማለትም የሥራው ምት ፍጥነት፣ እንደ ድሮው መጨመሩን አቁሟል። ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚበላው ኃይልም አብሮ የሚቀንስበት ዘመን አልፏል። ቺፑ ይግላል፤ ሙቀቱም ክሎኩን ይገድበዋል። እዚህ ድረስ አብረን ነን።

ነገር ግን ክሎክ መቆሙና ፕሮሰሰር መቆሙ ለየቅል ናቸው። ኮር፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል፣ በዝቷል። ኤኤምዲ በ2022 ካወጣቸው የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ትልቁ በአንድ ሶኬት 96 ኮር ይዟል። እያንዳንዱ ኮር ደግሞ በአንድ ትዕዛዝ ብዙ ቁጥሮችን አብሮ ማስተናገድ ይችላል። ኤቪኤክስ-512 የሚባለው የትዕዛዝ ስብስብ 32 ቢት የሆኑ 16 ቁጥሮችን በአንዴ ያወዳድራል፣ ይደምራል።

ትልቁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዳታቤዞች እጃቸው ላይ ያለውን ፕሮሰሰር በቅጡ አልተጠቀሙበትም። የቆየው አሠራር አንድ ረድፍ አምጣ፣ እየው፣ ለሚቀጥለው አቀብል፣ ሌላ አምጣ የሚል ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የፈንክሽን ጥሪ ይደራረባል። አንዲት መደመር ለመሥራት ብዙ ትዕዛዝ ይባክናል። ፕሮሰሰሩ የሚደክመው በስሌቱ ሳይሆን በመመላለሱ ነው።

በ2005 አምስተርዳም ባለው ሲደብልዩአይ የምርምር ተቋም ያሉ ሰዎች ይህን አሠራር ቀየሩት። ሞኔትዲቢ ኤክስ100 የሚባል ሥርዓት ሠሩ። ረድፍ በረድፍ መሄዱን ትቶ የአንድን ዓምድ እሴቶች በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠር እሽግ ይወስዳል። እሽጉ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ፣ ካሽ በሚባለው፣ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይመጠናል። ከዚያ አንድ ጠባብ ሉፕ በላዩ ላይ ይሮጣል። ውጤቱን ዳታቤዞች በሚወዳደሩበት በ100 ጊጋባይቱ የቲፒሲ-ኤች መለኪያ ላይ ሲያወጡት ከነባሩ ቴክኖሎጂ ከ10 እስከ 100 እጥፍ የሚደርስ የማስኬድ አቅም አሳየ። ያው ፕሮሰሰር ነው። አዲስ ቺፕ አልተገዛም። ዛሬ ብዙ ሰው በላፕቶፑ የሚጠቀምበት ደክዲቢ የተባለው ዳታቤዝ የወጣው ከዚሁ ተቋም ነው። ከኤክስ100 ሠሪዎች አንዱም በኋላ ስኖውፍሌክ የተባለውን የዳታቤዝ ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል ሆኗል።

ይህን በረጅሙ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የ100 እጥፍ ማስታወቂያ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» የሚለው ነው። ረድፍ በረድፍ ከሚሄድ አሮጌ ዳታቤዝ ጋር ከሆነ የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ የሶፍትዌሩ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ማፍጠኛውን ያነጻጸረው ከየትኛው ሶፍትዌር ጋር እንደሆነ አይናገርም።

100 እጥፍ

እስቲ አንድ ቀላል ሥራ ወስደን እናስላው። አንድ ሰንጠረዥ 1 ቢሊዮን ረድፍ አለው እንበል። ከዓምዶቹ አንዱ የገንዘብ መጠን ነው፤ እያንዳንዱ እሴት 8 ባይት ይይዛል። ዓምዱ በጠቅላላ 8 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። ጥያቄያችን የዚህ ዓምድ ድምር ስንት ነው የሚል ብቻ ነው። ለማንም ሳናዳላ ሁሉንም መሣሪያ ወረቀት ላይ ባለው ጣሪያው እንውሰደው።

ስምንት የዲዲአር5-4800 ሚሞሪ ቻናል ያለው አንድ ተራ የሰርቨር ፕሮሰሰር በሰከንድ 307 ጊጋባይት ያህል ከሚሞሪ ማንበብ ይችላል። 8 ጊጋባይቱን ለማንበብ 26 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። መደመሩ ራሱ ከማንበቡ ጋር አብሮ ያልቃል፤ ለብቻው ጊዜ አይወስድም።

አሁን የኤንቪዲያን ኤች100 ጂፒዩ እንያዝ። የራሱ ሚሞሪ በሰከንድ 3.35 ቴራባይት ያስነብባል። 8 ጊጋባይቱን በ2.4 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። በጣም ደስ ይላል። ግን መረጃው ያለው ዋናው ሚሞሪ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ካርዱን ከሰርቨሩ ጋር በሚያገናኘው መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ በኩል መሻገር አለበት። አምስተኛው ትውልድ በ16 መስመር በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፈው በሰከንድ 64 ጊጋባይት ያህል ነው። ስለዚህ ማሻገሩ ብቻውን 125 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከስሌቱ ጋር 127 ገደማ ይሆናል። ተራው ፕሮሰሰር በ26 የጨረሰውን ማለት ነው። ማፍጠኛው አምስት እጥፍ አዘገየው።

መረጃው አስቀድሞ ጂፒዩው ላይ ተቀምጦ ቢሆንስ? ያኔ 26 ለ2.4 ነው፤ 11 እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው፤ ላጣጥለው አልፈልግም። ግን 100 አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣም ልብ በሉ። የሁለቱ ሚሞሪዎች ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የጂፒዩው በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሮች እዚህ ላይ ቁጭ ብለው መረጃ እየጠበቁ ነው።

ጂፒዩው ላይ አስቀምጦ መተውም ወሰን አለው። ይኸው ኤች100 የያዘው 80 ጊጋባይት ነው። ሰንጠረዦቻችሁ ከዚያ በላይ ከሆኑ ወይ ብዙ ካርድ ትገዛላችሁ፣ ወይ መልሳችሁ በዚያችው ጠባብ መንገድ ታመላልሳላችሁ።

ሁሉም ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) እንደ ድምር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለት ትልልቅ ሰንጠረዦችን በሃሽ (እሴቱን ወደ ሚሞሪ አድራሻ በሚቀይር ስሌት) ማጣመር ሚሞሪውን በዘፈቀደ እየዘለለ ይነካካል። ተራ ፕሮሰሰር እዚያ ላይ በየዝላዩ ይጠብቃል። ጂፒዩ ግን አንዱ ሥራ ሲጠብቅ ሌላውን ያስቀጥላል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ከፍ ይላል። ኤንቪዲያም የመንገዱን ጥበት አውቆት ግሬስ ሆፐር በሚለው ምርቱ ፕሮሰሰሩንና ጂፒዩውን በሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ በሰከንድ 900 ጊጋባይት በሚያሳልፍ መስመር አገናኝቷቸዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ገንዘቡ የፈሰሰው መንገዱን ማስፋት ላይ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ችግሩ የት እንዳለ ያውቁታል።

ሌላም አለ። አንድ ኩዌሪ 10 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ ማፍጠኛው የሚያግዘው ክፍል፣ ማንበቡና ማጣራቱ፣ 3 ሰከንድ ነው። ያን ክፍል 100 እጥፍ ብታፈጥኑት ጠቅላላው 7.03 ሰከንድ ይሆናል። ከ10 ወደ 7። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 ያነሱት ነጥብ ይኸው ነው፤ ዛሬም አልተሻረም። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ 3 ሰከንዷ ነው። ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ የሚጠብቀው ሰው ግን የሚያየው ጠቅላላውን ነው።

ድሮ የከሸፉት ስላልበሰሉ ነው መባሉ

እዚህ ላይ ነው ጸሐፊው ታሪኩን ያሳጠሩብን። ታሪኩ ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ1970ዎቹ የዳታቤዝ ማሽን የሚባል ነገር የብዙ ተመራማሪዎች ሕልም ነበር። በ1970 የቀረበ አንድ ሐሳብ በዲስኩ ላይ ለእያንዳንዱ ትራክ የራሱ ማንበቢያና ማጣሪያ ይኑረው ይል ነበር። ዲስኩ አንዴ ሲዞር መላው መረጃ ታይቶ ያልቃል ማለት ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ዴዊት ዳይሬክት የሚባል ማሽን ሠሩ። በእንግሊዝ አይሲኤል የተባለው ኩባንያ ካፍስ የሚባል መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ከዲስክ የሚወጣውን መረጃ እየፈሰሰ ሳለ የሚያጣራ ነበር።

በ1983 ዴዊት ራሳቸው ከሃራን ቦራል ጋር ሆነው የዳታቤዝ ማሽን ጊዜው አልፎበት ይሆን ብለው የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ። ይህን የጻፉት ማሽኑን ከሠሩት ሰዎች አንዱ መሆናቸውን አትርሱ። ክርክራቸው ቺፑ ገና አልበሰለም የሚል አልነበረም። ዲስኮች እየሰፉ ነው፤ የሚያስነብቡበት ፍጥነት ግን በዚያው ልክ አላደገም። ስለዚህ ብዙ ማጣሪያ ፕሮሰሰር ብትደረድሩ የሚበሉት መረጃ አይደርሳቸውም አሉ። ነገሩ ያኔም የመንገድ ጉዳይ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ዲስኩን በፒሲአይ ኤክስፕረስ ብትተኩት ክርክሩ ሳይነካ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ዴዊት ጋማ የሚባለውን ሥርዓት ሠሩ። በተራ ቫክስ ኮምፒውተሮች ላይ የተሠራ ነው። መረጃውን ከፋፍሎ በየማሽኑ ማስቀመጥና ሥራውን መረጃው ወዳለበት መላክ ነበር ዋና ሐሳቡ። ዛሬ በክላስተር የሚሠሩ ዳታቤዞች የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው።

ቴራዳታ የተባለው ኩባንያ በ1984 ያወጣው የዳታቤዝ ማሽን፣ ዲቢሲ/1012ም፣ ይህንኑ ይመሰክራል። በውስጡ የነበሩት ፕሮሰሰሮች የኢንቴል 8086 ነበሩ፤ ማንም የሚገዛቸው። ልዩ ሆኖ የተሠራው ዋይኔት የሚባለው ማገናኛ ነው። ከየፕሮሰሰሩ የሚመጣውን ውጤት በመንገድ ላይ እያለ በቅደም ተከተል እያዋሃደ የሚያሳልፍ ኔትወርክ ነበር። ልዩ ሃርድዌሩ የተቀመጠው መረጃው የግድ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ኔቲዛ የተባለው የዳታቤዝ ማሽን ኩባንያም እንዲሁ። ኤፍፒጂኤ ማለት ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የውስጥ ሰርኪቱ እንደ ሥራው ሊቀየር የሚችል ቺፕ ነው። ኔቲዛ ይህን ቺፕ በየዲስኩ አጠገብ አስቀመጠው። መረጃው ከዲስክ ወጥቶ ፕሮሰሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የማይፈለጉ ረድፎችና ዓምዶች እዚያው ይጣላሉ። በደንብ ሠርቷል። አይቢኤም በ2010 ኩባንያውን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ስለዚህ ልዩ ሃርድዌር ሁልጊዜ ይከሽፋል የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል።

ግን ሌላኛውን ወገን ደግሞ እዩት። ኦራክል በ2008 ኤክሳዴታ የተባለውን የዳታቤዝ ማሽን አወጣ። መረጃውን እዚያው ማከማቻው ጋ የማጣራት ሐሳብ ነው። ማጣሪያው ግን ልዩ ቺፕ አልነበረም፤ በማከማቻ ሰርቨሮቹ ውስጥ ያሉ ተራ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው። ሐሳቡ ቆየ፤ ቺፑ ማንም ሆነ ማን ለውጥ አላመጣም። ይኸው ኦራክል በ2015 ስፓርክ ኤም7 በተባለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የመረጃ ማጣሪያ ማፍጠኛ በቺፑ ላይ አስገብቶ ነበር። የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። በ2017 ኤም8 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ የኦራክል ስፓርክ አልመጣም። ኢንቴልም በ2019 ለሰርቨር ያወጣውን ኦፕቴን ሚሞሪ በ2022 እንደሚያቆም አስታወቀ። ሶፍትዌራቸውን በዚያ ላይ ሲያስተካክሉ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ።

እነዚህ ምርቶች ያልበሰሉ አልነበሩም። ጥሩ ኢንጂነሪንግ ናቸው። ተራው ሃርድዌር በብዙ ሚሊዮን እየተሸጠ በየጊዜው ይሻሻላል። ልዩው በጥቂት ደንበኛ ተማምኖ መከተል አለበት። ኩባንያው ሐሳቡን የቀየረ ዕለት ደንበኛው ባዶ እጁን ይቀራል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

ሰክቶ መጠቀም ብቻ ነው መባሉ

ይህኛው ነጥብ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ሰው አምኖት በጀት ይይዝበታል።

ዳታቤዝ ኩዌሪውን ሲቀበል መጀመሪያ እቅድ ያወጣል። የትኛውን ኢንዴክስ (ረድፍ መፈለጊያ ማውጫ) ልጠቀም፣ የትኛውን ሰንጠረዥ ላስቀድም፣ በምን ዓይነት መንገድ ላጣምር ይላል። ይህን የሚወስነው ወጪ በመገመት ነው። አዲስ ካርድ ሲሰካ እቅድ አውጪው ስለ ካርዱ አያውቅም። ማሻገሩ ስንት እንደሚያስወጣ፣ ካርዱ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደቀረ፣ ሌላ ኩዌሪ እየተጠቀመበት እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ መግባት አለበት። ያልተጻፈበት ዳታቤዝ ካርዱን ጭራሽ አይነካውም፤ ወይም በማይሆን ቦታ ይነካዋል።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ትልልቅ የአስርዮሽ ቁጥሮች፣ በየቋንቋው የተለያየ የፊደል ቅደም ተከተል ያላቸው ጽሑፎች፣ ባዶ እሴቶች፣ ተጠቃሚው ራሱ የጻፋቸው ፈንክሽኖች። ከነዚህ አንዱን ማፍጠኛው ካላወቀው ሥራው ወደ ፕሮሰሰሩ ይመለሳል። መረጃውም አብሮ ይመለሳል። ያ መመላለስ ጊዜ ነው። በነጥብ የሚጻፉ ቁጥሮችን በሺዎች ኮሮች ከፋፍሎ ሲደምር ደግሞ የመደመሩ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ። ለሪፖርት ምንም ላይመስል ይችላል። ሁለት ቦታ የወጣው ድምር አንድ መሆን አለበት ለሚል ኦዲተር ግን ራስ ምታት ነው።

ኤፍፒጂኤ ላይ ከሆነ አዲስ ዲዛይን አዘጋጅቶ ቺፑ ላይ ለመጫን ኮምፓይል ማድረጉ ብቻውን ሰዓታት ይወስዳል። በዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ፣ በሲኩዌል፣ የሚጽፍ ሰው ጥያቄውን በየደቂቃው ይቀያይራል። ስለዚህ የሚሠራው ዲዛይን ጠቅለል ያለ፣ በጥቂት መለኪያ ብቻ የሚስተካከል መሆን አለበት። የኔቲዛ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ኤፍፒጂኤው የታወቁ ጥቂት ሥራዎችን ብቻ ይሠራ ነበር።

ትራንዛክሽንም ይፈጥናል መባሉ

አይፈጥንም። ቢያንስ በእነዚህ ካርዶች አይፈጥንም።

አንድ ደንበኛ ትዕዛዝ ሲሰጥ ዳታቤዙ የሚነካው ጥቂት ረድፎችን ነው። በኢንዴክስ በኩል ሦስት አራት ደረጃ ወርዶ ረድፉን ያገኘዋል። አብዛኛው መንገድ ሚሞሪ ላይ ያለ ነው፤ በማይክሮሰከንዶች ያልቃል። ጂፒዩ ላይ አንድ ሥራ ማስጀመር ብቻውን ማይክሮሰከንዶችን ይበላል። ገና ምንም ሳይሠራ።

በ2008 ሃሪዞፖሎስ፣ አባዲ፣ ማደንና ስቶንብሬከር ሾር የሚባል ዳታቤዝ ወስደው ትዕዛዞቹ የት እንደሚባክኑ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አብዛኛው የሄደው በአራት ነገር ላይ ነበር። በሎግ (ለውጦችን በመመዝገብ)፣ በሎክ (ሌላው እንዳይነካው ረድፉን በመቆለፍ)፣ የውስጥ መዋቅሮችን በሚጠብቀው ላች እና በበፈር አስተዳደር (የዲስክ ገጾችን ሚሞሪ ላይ በመያዝ)። ረድፉን ለማግኘትና ለመቀየር የዋለው ትንሽ ነው። ፈጣን ማጣሪያ ቺፕ ከእነዚህ አራቱ አንዱንም አያቀልም።

ትራንዛክሽንን በእውነት ያፈጠነ ሃርድዌር አለ። ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ፣ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ቦታ ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበት የነበረውን ኤስኤስዲ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ አውርዶታል። ይኸው፣ እውነተኛ 100 እጥፍ! ግን ኤስኤስዲ ለዳታቤዝ ብቻ ተብሎ አልተሠራም። ለሁሉም ሰው የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ በየጊዜው የሚያጋጥመኝን ነገር ላንሳ። ዳታቤዛችን ተንቀራፈፈ፣ ማፍጠኛ እንግዛ የሚሉ ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው የአንዱን ዘገምተኛ ኩዌሪ እቅድ ነው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ኩዌሪውን ኤክስፕሌይን አናላይዝ ብሎ ማስኬድ ነው። የሚወጣው ጽሑፍ መጀመሪያ ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን የምትፈልጉት ሁለት መስመር ነው። ሴክ ስካን የሚል ካያችሁ ዳታቤዙ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር አንብቧል ማለት ነው። ከሥሩ ሮውስ ሪሙቭድ ባይ ፊልተር የሚል መስመር ይኖራል። አይቶ የጣላቸው ረድፎች ብዛት ነው። 50 ሚሊዮን ረድፍ ካለው ሰንጠረዥ 12 ረድፍ ተፈልጎ 49,999,988 ተጥሎ ከሆነ ችግሩ የፕሮሰሰር አይደለም። ኢንዴክስ የለም። ኢንዴክሱን ስትሠሩት ያ ሁሉ ንባብ ወደ ጥቂት ገጾች ይወርዳል። የትኛውም ካርድ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ምክንያቱም ካርዱ ያንኑ 50 ሚሊዮን ረድፍ በፍጥነት ያነበዋል እንጂ ማንበቡን አያስቀርም።

እኔና ጸሐፊው የምንገናኝበት ቦታ

ለልዩ ሃርድዌር ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም በየቤቱ ገብቶ ሥራውን እየሠራ ያለ ልዩ ሃርድዌር አለ። ማስታወቂያ ስለሌለው ግን ማንም አያወራለትም።

ምስጠራን እዩ። ኢንቴል በ2010 የኤኢኤስ ትዕዛዞችን ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገባ። ዛሬ ዳታቤዙ ዲስክ ላይ ተመስጥሮ ሲቀመጥ አብዛኛው ተጠቃሚ መዘግየቱን አያውቀውም። መረጃ መጨመቅን ደግሞ እዩ። አይቢኤም በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ ለመጨመቂያ የሚሆን ካርድ ለብቻው ይሸጥ ነበር። በ2019 ዜድ15 የተባለው ማሽን ሲወጣ ያ ሥራ ከካርዱ ወጥቶ ፕሮሰሰሩ ቺፕ ላይ ገባ። በዚያው ቺፕ ላይ መደርደርን የሚያፈጥን ትዕዛዝም ተጨመረ። ኢንቴል በ2023 ባወጣቸው ዚዮን ፕሮሰሰሮች ውስጥ አይኤኤ የሚባል ማፍጠኛ አለ። ተጨምቆ የተቀመጠን ዓምድ እየፈታ እዚያው ያጣራዋል። ኤንቪዲያም በ2024 ያስተዋወቀው ብላክዌል ጂፒዩ የተጨመቀ መረጃ የመፍቻ ሞተር ይዞ መጥቷል።

ሁሉም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። መረጃው የግድ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆመው ይሠራሉ፤ መረጃውን ወደ ሌላ ቤት ጠርተው አያመላልሱትም። የሚሠሩት ሥራም ጠባብና የማይለወጥ ነው። የመጨመቂያ ፎርማት በየሳምንቱ አይቀየርም። ጸሐፊው ስለ እነዚህ ቢጽፉ ኖሮ ፊርማዬን አኖርበት ነበር። አይኤኤም ቢሆን ግን ሰክቶ መጠቀም አይደለም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለ የሚጠራው ሶፍትዌር ካልተጻፈ ሥራ ፈት ነው።

ትንታኔ ብቻ የሚሠራ ድርጅት፣ መረጃው ጂፒዩው ላይ የሚበቃለት፣ ያንኑ መረጃ ቀኑን ሙሉ በከባድ ጥምረት የሚጠይቅ፣ እሱ ጂፒዩ ይግዛ። አያሳፍረውም። እንዲህ ያለ ሥራ አለ፤ አይቼዋለሁ። የሁሉም ሰው ሥራ ግን ይህን አይመስልም።

ኤሌክትሪክ ይቆጥባል መባሉ

አጭር መልስ አለኝ። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ሊቆጥብ ይችላል፤ ሥራ ሲፈታ ግን ቁጭ ብሎ ይበላል። ኤች100 ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም እስከ 700 ዋት ይወስዳል። ስለዚህ የሚለካው በአንድ ኩዌሪ የወጣው ጁል ነው፤ የፈጀው ጊዜ ብቻ አይበቃም።

የቺፕ ተመራማሪው ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ያቀረቡት ስሌት እዚህ ላይ ይረዳናል። በ45 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ሁለት የ32 ቢት ቁጥሮችን መደመር 0.1 ፒኮጁል ገደማ ያስወጣል። ከዋናው ሚሞሪ 64 ቢት ማምጣት ደግሞ ከ1,000 ፒኮጁል በላይ ነው። ኤሌክትሪኩም የሚያልቀው በማጓጓዙ ላይ ነው ማለት ነው። መረጃን ወደ ሩቅ ካርድ ወስዶ መመለስ ኃይል ይቆጥባል የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ሂሳብ መክፈል አለበት።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በአክብሮት ነው የምጠይቃቸው። የ100 እጥፉን ልኬት ሙሉውን ያውጡልን። ሰዓቱ መቆጠር የጀመረው መረጃው ዲስክ ላይ እያለ ነው ወይስ ካርዱ ላይ ከገባ በኋላ? የተወዳደረው ፕሮሰሰር ስንት ኮር ነበረው፣ ዳታቤዙስ በዓምድ የሚሠራ ነበር ወይስ በረድፍ? ሰንጠረዡ ስንት ጊጋባይት ነበር? ካርዱ ያልቻላቸውና ወደ ፕሮሰሰሩ የተመለሱ ኩዌሪዎች ከቲፒሲ-ኤች 22 ጥያቄዎች ውስጥ ስንት ነበሩ? መልሱ ከመጣ እኔም በራሴ ማሽን ላይ ለክቼ ውጤቱን ጎን ለጎን አቀርባለሁ።